ጅቡ የሁላችን፣ አህያዋ የአንድ ሰው

እንደምን አመሻችሁ። ከየዕድሩ ተወክላችሁ ለመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከሥራ በቀጥታ ለመጣችሁ ወጣቶችም፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የዛሬው ወሬያችን ባለቤት ስለሌላቸው እንስሳት ነው። ማንም አላሳደጋቸውም። ማንም የእኔ ናቸው አይልም። ግን ከእኛ ጋር በአንድ ከተማ ያድራሉ። ጅብ፣ ጥንብ አንሳ፣ አይጥ፣ ጦጣ። ስለ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ከማወራ በአንዱ ላይ ብቆይ ይሻላል ብዬ ጅብን መርጫለሁ። ብዙ የሚያከራክረን እሱ ነውና። አንዱ "ይገደል፣ ያልቅ" ይላል። ሌላው "የእግዜር ፍጥረት ነው፣ ተዉት" ይላል። ሁለቱም ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በር ዘግተው ከሚያድሩበት ቤት ሆነው ነው። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው በር ዘግተው ስለማያድሩት ነው።

መጀመሪያ ግን፣ ጅብ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል?

እንጦጦ ሥር የምትኖሩ ድምፁን ታውቁታላችሁ። ቀን በጫካው፣ በገደሉና በወንዝ ዳር ባለ ጉድጓድ ይውላል። ሲመሽ ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ወንዞች ከሰሜኑ ተራራ ተነስተው ከተማውን እየሰነጠቁ ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። አሁን የጸዱና የለሙ ቦታዎች አሉ፤ ለረጅም ዘመን ግን ዳር ዳራቸው የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ኖሯል። ለጅቡ መንገዱም ምግቡም አንድ ላይ ተዘርግቶለት ነበር ማለት ነው።

ብዙ ሰው ጅብ የሞተ ብቻ የሚለቅም ይመስለዋል። ዱር ውስጥ ጎበዝ አዳኝ ነው። በብዙ የአፍሪካ ሜዳዎች አብዛኛውን የሚበላውን ራሱ አሳድዶ የሚጥለው እሱ ነው። በእኛ ደጋ አገር ግን የሚታደን አልቋል። ድኩላና ሚዳቋ የነበሩበት መሬት ታርሷል፣ ጫካው ተመንጥሯል። ስለዚህ ጅብ ፊቱን ወደ ሰው አዞረ። ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎች የጅብ ዓይነ ምድር ሰብስበው በውስጡ የቀረውን ጸጉር ሲመረምሩ፣ ያገኙት ከሞላ ጎደል የቤት እንስሳ ጸጉር ነበር። የበግ፣ የፍየል፣ የከብት፣ የአህያ።

ከነዚህ ጥናቶች አንዱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር። ሁዳዴ ገብቶ ሰዉ ለ55 ቀን ሥጋ ሲተው፣ ጅቡስ ምን ይበላል? ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ቄራው ይቀዘቅዛል። አጥንቱና አንጀቱ ከየደጁ ይጠፋል። ጅብ ደግሞ ጾም አያውቅም። ከጾሙ በፊት ከተሰበሰበው ዓይነ ምድር የአህያ ጸጉር የተገኘበት 15 በመቶ ገደማ ነበር። በጾሙ ወራት 33 በመቶ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 በመቶ ወረደ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጾሙ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ያለው ከጾሙ በፊት ባሉት ወራት ነው። ጅቡን በደጃችን አጥንት አስለምደነዋል። የለመደውን ድንገት ሲያጣ አገር አይለቅም። ቅርብ ያለውን፣ ብቻውን የቆመውን፣ ደጅ የሚያድረውን ይፈልጋል። በግና ፍየል ማታ ቤት ይገባሉ። ላም ጋጣ አላት። በሬ እንደ ልጅ ይጠበቃል። አህያ ግን ቀኑን ሙሉ ተሸክማ ውላ፣ ማታ ጭነቷ ሲራገፍላት ደጅ ትታሰራለች፤ ወይም ሣር ፈልጊ ተብላ ትለቀቃለች። በዚህ ምክንያት የእኛን የቆሻሻ ልማድ ዕዳ የምትከፍለው እሷ ሆነች።

ይህን ስል ጅቡን ልከሰው አይደለም የመጣሁት። የሚሠራልንን ሥራ ስታውቁ ትገረማላችሁ።

መቀሌ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ማታ ማታ ጅቦቹ የሚበሉትን ተከታትለው አሰሉ። የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚሆን የእንስሳት ሬሳና ቅሪት ያነሳሉ የሚል ግምት ላይ ደረሱ። በዚህም በየዓመቱ 5 ሰዎችንና 140 ከብቶችን፣ በጎችንና ፍየሎችን ከአባ ሰንጋና ከከብት ሳንባ ነቀርሳ እንደሚያድኑ ገመቱ። 207 ቶን እኮ በጭነት መኪና ቢነሳ ነዳጅ፣ ሹፌርና የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል። ጅቡ ደመወዝ አልጠየቀም። በዚያው ጥናት ከተጠየቁት ነዋሪዎች አብዛኞቹ "ጅብ ይጠቅመናል" ብለው መልሰዋል። የመቀሌ ሰው ጅብን አይፈራም ማለት አይደለም። ግን ጠዋት ተነስቶ ደጁ ጸድቶ ሲያገኘው ያውቃል።

አባ ሰንጋን በምሳሌ ላስረዳችሁ። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ሜዳ ላይ ከቀረ፣ የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ገብቶ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። የዛሬ ስንት ዓመት የሞተ በሬ ዛሬ እዚያ የምትግጥ ላም ሊገድል ይችላል ማለት ነው። ሥጋውን የበላ ሰውም አደጋ ላይ ነው። ጅብ ይህን ሬሳ በአንድ ሌሊት ያጠፋዋል። ሥጋውን ብቻ አይበላም፤ አጥንቱን ሰባብሮ ይውጣል፣ ሆዱም ይፈጨዋል። ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣው ከአጥንቱ በሚወጣው ካልሲየም ምክንያት ነው።

ጥንብ አንሳም እንደዚሁ ነው። እሱን ያጣች አገር ምን እንደደረሰባት አይተናል። ሕንድ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ የሕንድ ጥንብ አንሳዎች በሚያስደነግጥ ፍጥነት አለቁ። ከዋና ዋናዎቹ ዝርያዎች አንዱ ከመቶ 99 እጁ ጠፋ። ምክንያቱ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ነበር። ለታመመ ከብት ይሰጣል፤ ከብቱ ከሞተ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ወፉ ከበላ ኩላሊቱ ይበላሻል። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ሕንድ ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው በ2006 ነው። ያን ጊዜ ሬሳው ሜዳ ላይ ቀርቷል። ውሾች በዙ። ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣል። አንድ ወፍ ሲጠፋ የሰው ሞት ተከተለ። ዳይክሎፌናክ እኛም ፋርማሲ ውስጥ ያለ መድኃኒት ነው። ከብት ያላችሁ ለወገብ ሕመማችሁ የተገዛውን ለላም እንዳትሰጡ አደራ።

እንግዲህ ጥቅሙን አየን። አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

የጅቡ ጥቅም ለሁላችን ነው። ከተማው ይጸዳል፣ በሽታ ይቀንሳል፤ እናንተም እኔም ተካፋዮች ነን። ጉዳቱ ግን ለጥቂት ሰው ብቻ ነው። ለእነማን? አንዷ አህያዋ የተበላችባት ናት። ሌላው ቤት የሌለው፣ በድልድይ ሥር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ፣ በላስቲክ ቤት የሚያድረው ነው። ጎህ ሳይቀድ ውሃ ልትቀዳ የምትወጣ ልጅ ናት። ሌሊት የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም ጅብ ሰው ሲጎዳ፣ ተጎጂው ብዙውን ጊዜ ደጅ ያደረ ሰው ወይም ሕፃን ልጅ ነው። ፎቅ ላይ የሚያድር ሰው ጅብ አይነክሰውም።

የአህያዋን ነገር ደግሞ አስቡት። በገጠር የአንድ ገበሬ በሬ እግሩ ቢሰበር ጎረቤት ዝም አይልም። ይታረዳል፣ ሥጋው በቅርጫ ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ የድርሻውን ይከፍላል፣ ባለቤቱ በገንዘቡ ላይ ጨምሮ ሌላ በሬ ይገዛል። ጥሩ የመረዳጃ መንገድ ነው። አህያ ግን አይበላም። አህያ ስትሞት ቅርጫ የለም። ባለቤቷ ምንም አታገኝም። ጠዋት ተነስታ የምታገኘው ገመዱንና የተረፈውን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃውን፣ እንጨቱን፣ እህሉን በራሷ ጀርባ ትሸከማለች። ብዙ ጊዜ ባለ አህያ ድሃ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሴት ናት። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ አገር ናት ይባላል፤ እውነት ነው። ግን አንዲት አህያ በጅብ ተበልታ "ስንት ወጣባት?" ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት እምብዛም የለም።

ስለዚህ ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ ይሄ ነው። ጥቅሙን አብረን ከወሰድን ዕዳውንም አብረን እንክፈል። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

"ታዲያ ለምን አንገድለውም?" የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ልጁ የተነከሰበት አባት ሲጠይቀኝ አልቆጣም። ግን መልሱ አይሠራም ነው። ለምን እንደማይሠራ ልንገራችሁ።

ጅብ ብቻውን የሚዞር ወሮበላ አይደለም። መንጋ አለው፣ መንጋውም ክልል አለው። የሚመሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ከወንዶቹ በአካልም ይበልጣሉ። ሴት ልጅ የእናቷን ማዕረግ ወርሳ እዚያው ትቀራለች። ወንዶቹ ግን ሲጎረምሱ የተወለዱበትን መንጋ ትተው ሌላ ቦታ ፍለጋ ይዞራሉ። በየጫካው ቦታ የሚፈልግ ጎረምሳ ጅብ አለ ማለት ነው። አንዱን ገደላችሁ፤ ቆሻሻው እዚያው አለ፣ አጥንቱ እዚያው አለ። ከጎረቤት መንጋ ሌላው ይመጣል። አዲሱ ደግሞ ሰፈሩን አያውቀውም። የት መብራት እንዳለ፣ የት ውሻ እንደሚጮህ፣ ሰው በየት እንደሚያልፍ ገና አልተማረም። ለእኔ ለብዙ ዓመት ሰፈሩን የሚያውቅ ጅብ ከእንግዳው ይሻለኛል።

ሕጉም አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ መግደልን ይከለክላል። ሰው ላይ የለመደ አውሬ ካለ ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይነገራል፤ የሚወሰደውን እርምጃ ባለሙያ ይወስናል። ሰው ላይ መድፈሩ የታወቀ አንድ ጅብ መወገድ የሚኖርበት ጊዜ አለ። ይህን አልክድም። ግን ያ በአንድ እንስሳ ላይ የሚወሰን ነገር ነው፤ ሰፈር ሙሉ ዱላ ይዞ የሚወጣበት አይደለም።

ከሁሉም የከፋው መርዝ ነው። እለምናችኋለሁ፣ ይህን አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ መጣል የሚገድለው የተፈለገውን ብቻ አይደለም። ውሻው ይበላዋል። ድመቷ ትበላዋለች። ጅቡ የሞተውን ውሻ ይበላል። ጥንብ አንሳው የሞተውን ጅብ ይበላል። ልጅ ሜዳ ላይ ሲጫወት ይነካዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የአፍሪካ ጥንብ አንሳዎች ጥናት 8 ዝርያዎችን ተመልክቶ በ30 ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው በአማካይ 62 በመቶ ቀንሷል ይላል። ከተመዘገቡት ሞቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመርዝ ናቸው። አብዛኛው መርዝ ደግሞ ለወፉ የተቀመጠ አልነበረም። ለጅብ፣ ለአንበሳ፣ ለውሻ የተቀመጠ ነበር። አንዱን ጅብ ልንገድል ስንል ጠራጊዎቻችንን በሙሉ እንገድላለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ቆሻሻችንን ለመጋፈጥ ስንፈራ አውሬው ላይ እንወርዳለን።

አይጥ ላይም ያው ነው። የአይጥ መርዝ ጥቂት ሳምንት ያስታግሳል። እህሉ ክፍት ጆንያ ውስጥ ካለ፣ የተረፈው እንጀራ በፌስታል ደጅ ላይ ካደረ፣ አይጧ ትመለሳለች። የተመረዘችውን አይጥ ደግሞ ድመትና ጉጉት ይበሏታል። ጉጉትን ሟርተኛ እያልን በድንጋይ እናባርራታለን፤ በነጻ አይጥ የምታድንልን ግን እሷ ናት። ክዳን ያለው በርሜል፣ የተደፈነ ቀዳዳ። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ጅብን በተመለከተ አንድ ሌላ የቆየ ጥፋት አለብን፤ ይህ ደግሞ ሰው ላይ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቤተ እስራኤሉን "ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ሆኖ ይወጣል" እያልን ኖረናል። ማረሻችንን የሠሩልን፣ ምጣዳችንንና ጀበናችንን የሠሩልን ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር አልተጋባንም፣ አብረን አልበላንም፣ በብዙ ቦታ የእርሻ መሬትም ነፍገናቸዋል። ሕፃን ሲታመም በእነሱ ተሳበበ። ጅብ አህያ ሲበላ በእነሱ ተሳበበ። አሁንም ይህን የሚያምን ሰው በመካከላችን እንዳለ አውቃለሁ። ጅብ ጅብ ነው። ርቦት ነው የመጣው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ አህያ ሲበላ ጣታችንን ወደ አንድ ቤተሰብ መቀሰር ካላቆምን፣ ስለ እንስሳ አያያዝ ማውራታችን ከንቱ ነው።

ሐረርስ? የምትሉ አላችሁ። ሐረር ላይ ነገሩ ሌላ ነው፤ ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ልቆይበት።

የጀጎል ግንብ የተሠራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኤሚር ኑር ጊዜ ነው። ከትልልቆቹ በሮች ሌላ፣ ግንቡ ሥር ጅብ ሾልኮ የሚገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እስቲ አስቡት፤ ጠላት እንዳይገባ ግንብ የሠራች ከተማ ለጅብ መግቢያ አላት። ጅቡን ወራባ ይሉታል። ማታ ይገባል፣ የጣሉትን አጥንት ይለቅማል፣ ከመንጋቱ በፊት ይወጣል። ክፉ መንፈስንም ይበላልናል ብለው ያምናሉ። በአሹራ ዕለት ገንፎ በቅቤ ሠርተው ያቀርቡለታል፤ አበላሉን አይተው መጪው ዓመት እንዴት እንደሚሆን ይገምታሉ። ጎብኚ የሚያየው ከግንቡ ውጭ የሚደረገው የማታ ምገባ ግን ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። ባለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አካባቢ የጀመረ ነው።

ታዲያ እኛም እናብላ ወይ? እኔ አይመስለኝም። የሐረሩ ነገር የሚሠራው ሥርዓት ስላለው ነው። የሚያበላው የታወቀ ሰው ነው፤ ጅቦቹን በስም ይጠራቸዋል። ቦታው የታወቀ ነው፣ ሰዓቱም የታወቀ ነው። ሕዝቡ ከልጅነቱ ጀምሮ ከጅብ ጋር እንዴት እንደሚተላለፍ ያውቃል። ያን ሁሉ ሳይዙ አጥንት መወርወሩን ብቻ መቅዳት አደጋ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያሉትን ጦጣዎች ተመልከቱ። ጎብኚ ሙዝ እየሰጠ፣ ልጆች ብስኩት እየሰጡ ሰው መፍራት ትተዋል። ስትከለክሏቸው ይነጥቃሉ። ሲነጥቁ ይቧጭራሉ። ከዚያ "ባለጌ ጦጣ" ተብለው በድንጋይ ይመታሉ። ያባለግናቸው እኛ፣ የሚመቱት እነሱ። ስለዚህ በሰፈራችን ጅብ በእጅ አይበላ፤ ለቪዲዮ ተብሎም አይጠራ። ይህን በተለይ ለወጣቶቹ ነው የምለው። እናንተ ለቲክቶክ ያስጠጋችሁት ጅብ በነጋታው ማታ ወደ ሌላ ሰው ይጠጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ተኝቶ ይሆናል።

አሁን ምን እናድርግ ወደሚለው እንሂድ።

በዓል ላይ ልጀምር። ገና፣ ፋሲካ፣ ዒድ፣ ዘመን መለወጫ። በየግቢው ይታረዳል። በማግስቱ መንገዱን እዩት። ፈርስ፣ አንጀት፣ ጭንቅላት፣ ቀንድ። ድሮ ቢያንስ ቆዳውን የሚገዛ ሰው በየበሩ ይዞር ነበር። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ እሱም ይጣላል። በአንድ ቀን ለጅብ የሚሆን ትልቅ ድግስ ደግሰን፣ በሚቀጥለው ሳምንት "ጅብ በዛ" እንላለን። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። እያንዳንዱ ዕድር ወይም ብሎክ በበዓል ዋዜማ አንድ ጉድጓድ ያስቆፍር፤ ወይም ከጽዳት ማኅበሩ ጋር ተስማምቶ በዚያው ዕለት የሚነሳበትን ሰዓት ይያዝ። ጉድጓዱ ጠለቅ ይበል፤ ላዩ ላይ ኖራና ድንጋይ ይደረግበት። ጅብ ቆፋሪ ነው፤ ላይ ላዩን የተቀበረ ነገር ያወጣል።

"አሁን ጅቡ ያጸዳልናል አላልክም ወይ? ምግቡን ከከለከልነው ምን ይበላ?" ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ምግቡ በአንድ ጀምበር ከጠፋ በሁዳዴ የሆነው ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አህዮቹና ደጅ የሚያድሩ ሰዎች ይጠለሉ። ከዚያ ቆሻሻው ከመኖሪያ ቤቶች፣ ከትምህርት ቤት መንገድ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያ ይራቅ። ጅቡ በከተማው ጫፍ፣ በቄራና በትልቁ ቆሻሻ መጣያ አካባቢ ሊቆይ ይችላል። እዚያ ሥራውን ይሥራ። በልጆች መንገድ ላይ ግን አይሥራ።

መጠለያ ስል ትልቅ ነገር አይደለም። የእሾህ አጥር ብቻውን አይበቃም፤ የተራበ ጅብ ይገፋዋል ወይም ሥሩን ይፍቀዋል። ከታች ድንጋይ የተደረደረበት፣ አጣናው የተጠጋጋ፣ ክዳን ቆርቆሮና የሚቀረቀር በር ያለው ቢሆን በቂ ነው። ሁለትና ሦስት ባለ አህያዎች አንድ ላይ ቢሠሩት ወጪው ይቀላል። ደግሞም አህያ ብቻዋን ስትሆን ነው የምትጎዳው።

ስለ ደጅ አዳሪዎች በግልጽ ልናገር። በጅብ የሚነከሱት ቤት ስለሌላቸው ነው። ይህን የእንስሳ ጉዳይ ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሰፈራችን ውስጥ በክረምት በየጥጉ የሚያድሩ ልጆች ካሉ፣ የዕድር ድንኳንና የዕድር አዳራሽ አለን፤ መብራት ያለው በረንዳ ያላቸው ቤቶች አሉ። ጅብ በታየበት ሳምንት እንኳን "እዚህ እደሩ" ማለት ይቻላል። አንድ አምፖል ሌሊቱን ማብራትም ይረዳል። ጅብ ብርሃንና ጫጫታ አይወድም።

ማታ መንገድ ላይ ጅብ ካያችሁ አትሩጡ። ሩጫ ያባብሰዋል። ፊት ለፊት ቁሙ፣ እጃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ጩኹ፣ የስልካችሁን መብራት አብሩበት፣ ፊታችሁን ሳትመልሱ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ሕፃን ካለ ብድግ አድርጋችሁ ታቀፉት። አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን ቀይሮ ይሄዳል።

ከተነከሳችሁ ደግሞ፣ በጅብም ይሁን በውሻ፣ በድመትም ይሁን በጦጣ፣ መደረግ ያለበት አንድ ነው። ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት እያያችሁ። ፌጦ አትነስንሱበት፣ ቡና አታድርጉበት፣ ጠበቅ አድርጋችሁ አትሰሩት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ከምልክቱ በፊት ግን ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ሰው ይድናል። ጠበል ለሚሄዱ አልከለክልም፤ ከክትባቱ ጋር ይሂዱ፣ በክትባቱ ፈንታ ግን አይሁን። ውሻ ያላችሁም ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። በአገራችን ሰውን በዚህ በሽታ የሚገድለው ከጅብ ይልቅ በአብዛኛው ውሻ ነው። ማስከተቡ የሰፈር ልጆችን መጠበቅ ነው።

የመጨረሻው ለዕድር ዳኞች የማቀርበው ልመና ነው። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት በሚደረገው ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ ያዙልኝ። በሰፈራችን ስንት አህያ አለ? ስንቱ ደጅ ያድራል? የማናቸው? ጸሐፊው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዞሮ ይመዝግብ። ከዚያ የቆርቆሮውንና የአጣናውን ዋጋ አስልተን በአባል ብናካፍለው ለአንድ ሰው ብዙ አይደርስም። አህያዋ ከተበላችባትም፣ ልክ የሰው ሐዘን ሲሆን እንደሚወጣው፣ ለምትክ የሚሆን መዋጮ እንዴት እንደሚወጣ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። እንዳያጣላ ወሰን ይበጅለት፤ ለምሳሌ መጠለያ እያለ ውጭ ያሳደረ አይካስ። ረቂቁን ለመጻፍ የሚረዳ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ። አናጺም በመካከላችን እንዳለ አይቻለሁ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ከኋላ ካሉት እንጀምር።